ግብ ውስጥ ቆሜ አላውቅም

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ከዜሮ በታች አሥራ አንድ። በረዶው ደርቆ እግር ስር ይንኮሻኮሻል። የነነዌ ጾም የመጀመሪያው ቀን። ቫይትቬት በሚባለው የስፖርት አዳራሽ ውስጥ የነበርነው፦ ዋናው አሰልጣኝ ቶረ፣ በረኛችን ሊዲያ፣ አሥር ያህል ተጫዋቾች፣ ሄኒንግ የሚባል የቶረ ጓደኛ፣ እና እኔ።

ቶረ ለአሰልጣኝነት የሞላሁትን ወረቀት ሁሉም እየሰሙ አነበበው። «በግብ ጠባቂነት ያለ ልምድ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ የለም።

«ዬሺ፣ ይሄ ስህተት ነው አይደል?» አለኝ፤ የሺ ማለት አይሆንላቸውም።

«ስህተት አይደለም።»

«አገርሽ እያለሽ አልተጫወትሽም?»

«አልተጫወትኩም።»

«ትንሽም? በልጅነትሽም?»

«ግብ ውስጥ ቆሜ አላውቅም» አልኩት።

ለካ አራት ወር ሙሉ «በአገሯ በረኛ ነበረች» ብለው ሲያስቡ ኖረዋል። እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም። ሳይጠይቁኝ ስለ ራሴ ማውራት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ወረቀቱ ጠየቀኝ፣ ለወረቀቱ መለስኩ።

ነገሩን ከስሩ ልጻፈው፣ ምናልባት ንዴቴ ይበርድ እንደሆነ። ይህን አዳራሽ ስድስት ዓመት ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሜዳው በረዶ ሲለብስ የኮሌጁ ሴቶች ቡድን እዚህ ገብቶ ይለማመዳል። ጥቅምት ላይ ሊዲያ ጎል በጎል ሆና ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ፣ እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። «ኳሱ ከመመታቱ በፊት ተረከዝሽ ላይ ትቀመጫለሽ። ጣቶችሽ ላይ ሁኚ» አልኳት፣ በአማርኛ። መወልወያዬን ይዤ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ መጣች። ከዚያም በኋላ እንደዚሁ። ኅዳር ላይ ቶረ የቡድኑን ቱታ ሰጠኝ፤ ጀርባው ላይ «የበረኛ አሰልጣኝ» ይላል።

አሁን ክለቡ ከአሰልጣኝ ሁሉ ወረቀት ይፈልጋል። ሄኒንግ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት በረኛ ነበር። ሐሙስ የተማሪዎቹ ኮሚቴ ይወስናል፦ እዚሁ አዳራሽ ለሚደረገው የእሁዱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታም ከዚያም ወዲያ የሊዲያ አሰልጣኝ እኔ ልሁን ወይስ እሱ።

«ያ» አልኩ፣ በቋንቋቸው እሺ ማለት ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። መወልወያዬን አነሳሁ። ቱታውን ግን አላወለቅኩም። ጀርባዬን እየሰጠኋቸው ወለወልኩ፣ ጽሑፉ እንዲታያቸው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ጭጋግ። ቢየርቪካ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ቢሮዎች ከወይንሸት ጋር አጸዳን። አብረን ከሠራን ሰባት ዓመት፤ ከእሷ ሌላ ጓደኛ የለኝም ማለት ይቻላል። የትናንቱን ነገርኳት። ጨርቋን እንደያዘች ቆማ ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የለም ብለሽ ጻፍሽ?»

«እና ምን ልጻፍ?»

«አለ በያ! አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ አለ? እኔ ለዚህ ሥራ ሳመለክት የመስኮት ጽዳት ልምድ አራት ዓመት ብዬ ነው የጻፍኩት። ያደግሁበት ቤት አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም የእንጨት።»

«አልዋሽም።»

«ውሸት አይደለም እኮ የሺዬ፣ ፎርም ነው!»

ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግን እውነት እንነጋገር ካልን፣ ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት ቆሞበታል። አንቺ ምን አለሽ?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ቤቴ ያለበት ሰፈር፣ ሮመን፣ እስክደርስ ባቡር ውስጥ ሳስብ መጣሁ። ያለኝ ይሄ ነው፦

አሰልጣኞች ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉት ወረቀት። ክብ፣ ቀስት፣ ቁጥር። የተጨማደደውን እየዘረጋሁ ሁለት ካርቶን ሞልቻለሁ።

ሽፋንና የፊት ገጾች የሌሉት የበረኞች መጽሐፍ፣ ከወረቀት መጣያ ያገኘሁት። ከገጽ ሠላሳ አንድ ይጀምራል። ምዕራፍ አንድ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸው የጨዋታ ዲቪዲዎች። ድምፁን አጠፋለሁ። ኳሱን አላይም፣ በረኛዋን ብቻ። ኳሱን ካየሽ በረኛዋ ታመልጥሻለች። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

እና ወለሉ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሊዲያ ብቻ ናት ጥቁር ሶል ያለው ጫማ የምታደርግ። ስትቆም፣ ስትዞር፣ ስትገታ ወለሉ ላይ ጥቁር ጭረት ትተዋለች። ያንን ጭረት በየልምምዱ የማስለቅቀው እኔ ነኝ፣ ጎንበስ ብዬ። የትኛው እግሯ እንደሚዘገይ፣ የት እንደምትደነግጥ፣ የትኛውን ጥግ እንደምትፈራ በእጄ አውቀዋለሁ። ተረከዟ ላይ እንደምትቀመጥም ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

የሌለኝንም ልጻፍ። ኳስ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ጎል ገብቶብሽ፣ ሁሉም እያዩሽ፣ ዞረሽ ከመረቡ ስታወጪው ሆድሽ ምን እንደሚል አላውቅም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያለኝም ግን ትንሽ ነገር አይደለም!


ረቡዕ፣ የካቲት 4

የጾሙ መጨረሻ። ከጠዋት ጀምሮ በረዶ። ሄኒንግ ሊዲያን አሠለጠነ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አየሁ።

ጥሩ ነው። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ሲወድቅ ድምፅ የለውም፣ ጃኬት ከመስቀያው እንደሚወድቅ ነው። ሳይጎዱ መውደቅን በሃያ ደቂቃ አስተማራት። እኔ አራት ወር ሞክሬ ያልቻልኩትን። ልጅቷ ደስ ብሏት እንደገና፣ እንደገና ትለዋለች። ቀናሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ «ውጪ! ውጪ!» ይላት ጀመር። አጥቂዋ ስትመጣ ግቡን ትታ ወደፊት እንድትወጣ። እሱ ሲወጣ ከኋላው ግቡ አይታይም፤ ለሁለት ሜትር ምንም ያህል አይጎድለውም። ሊዲያ ብብቱ ስር ናት። እሷ ስትወጣ ከራሷ በላይ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ልጆቹ አራት ጊዜ ከአናቷ በላይ አሳለፉባት። አራቱንም ጊዜ ወደኋላ ሮጠች፣ አራቱንም አልደረሰችም።

«አይዞሽ፣ አወጣጥሽ ትክክል ነው፣ ይለመዳል» አላት።

ሰውየው የሚያስተምራት የገዛ ቁመቱን ነው። ክፋት የለውም። እሱን ያዳነው ነገር ሁሉንም የሚያድን ይመስለዋል።

ኮሪደር ላይ ለሊዲያ ነገርኳት።

«እትዬ የሺ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ግን እሱ እኮ ተጫውቷል።»

«ባንቺ ቁመት አልተጫወተም።»

«በኔ ቁመትማ አንቺም አልተጫወትሽም» አለችና የራሷ አነጋገር አሳቃት። እኔን አላሳቀኝም።

ሁሉም ሲወጡ ባልዲዬን ሞላሁ። ግቡ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጭረቶቹ እዚያው ናቸው። ወደፊት ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ ወደኋላ አንድ ረጅም የተጎተተ። አራት ቦታ። የጻፈው ሰው ያለ ይመስላል።

አልወለወልኩትም። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ጎትቼ ዙሪያውን ዘጋሁና ወረቀት ለጠፍኩ፦ አትርገጡ። ስሜንም ጻፍኩበት፣ ማን እንደከለከለ እንዲያውቁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 5

ፀሐይ፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ጠዋት የአዳራሹ ኃላፊ ደወለ። «ዬሺ፣ ታመሻል እንዴ? አንደኛው ጫፍ ቆሻሻ ነው» አለኝ። «አልታመምኩም፣ እስከ ማታ እንዳይነካ» አልኩት። እኔ እንዲህ ስናገር ሰምቶ ስለማያውቅ እሺ አለ።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ። ሦስት የኮሚቴ ተማሪዎች፣ ሊቀ መንበሯ ኢንግሪድ፣ ቶረ፣ ሄኒንግ፣ ሊዲያ፣ እኔ። ሊዲያ ላስተርጉምልሽ አለችኝ። ተዪው አልኳት። የኔ ኖርዌጅኛ ባቡር ላይ ከሚታደለው ነፃ ጋዜጣ የተለቀመ ነው፣ ሰዋስው የለውም፣ ግን የኔ ነው።

ኢንግሪድ ሰው አክባሪ ናት። ሳታመናጭቅ ጠየቀችኝ፦ «ያላደረግሽውን ነገር እንዴት ታስተምሪያለሽ?»

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ተውኩትና «ኑ» ብቻ አልኩ። ተነሥቼ ወደ ግቡ ሄድኩ፤ ግራ ገብቷቸው ተከተሉኝ። ወንበሮቹን ጎተትኩና ጭረቶቹን በመወልወያው እንጨት እያሳየሁ ነገርኳቸው፦ እዚህ ወጣች። እዚህ ኳሱ አለፋት። ከዚህ እስከዚህ ወደኋላ ሮጠች። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብትቆም ኖሮ በእጇ ትነካው ነበር።

ሄኒንግ ተንበረከከ። ረጅሙን ጭረት በጣቱ ነካው።

«ወደኋላ ስትሮጥ ነው ይሄ?»

«አዎ። አራት ጊዜ።»

«አራቱም ገቡ» አለች ሊዲያ፣ ቀስ ብላ።

ሄኒንግ ጭረቱን በጣቱ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ከዚያ ተነሣ።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ወደ ስብሰባው ክፍል ተመልሰው አሥር ደቂቃ ተነጋገሩና ኢንግሪድ መጣች። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው አለች። ደንቡ ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አሰልጣኝ ወይ ኮርስ ወይ ልምድ ይኑረው ይላል። እሁድ ሄኒንግ ነው። «አንቺ ግን ውሃና ፎጣ ብትይዢልን በጣም ደስ ይለናል።»

«ናይ» አልኩ፣ አይሆንም።

እዚህ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ በሰው ፊት ይህን ቃል እንደዚያ ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተመልሶ ሰማሁት። ከዚያ ቀሪው በራሱ ወጣ፦ «ውሃ የሚይዝ አይጠፋም። እኔ የበረኛ አሰልጣኝ ነኝ። በረኛ አልነበርኩም። ሁለቱም እውነት ነው።»

ባልዲዬን አምጥቼ ወለሉን መወልወል ጀመርኩ፤ ሥራዬ ነው። ቆመው ያዩኛል። «እግራችሁን አንሱ» አልኳቸው። አነሡ።


ዓርብ፣ የካቲት 6

ተናድጃለሁ። ሽሮው አረረብኝ። ቱታውን ልመልስ ብዬ አጠፍኩት፣ ከዚያ መልሼ ዘረጋሁት። ለምን እመልሳለሁ?

ከሰዓት ሊዲያ ደወለች።

«እትዬ የሺ፣ ኡንሺል፣ ይቅርታ። ትናንት መናገር ነበረብኝ። ማማ ሰምታ ተቆጣችኝ። ሴትዮዋ ላንቺ ስትል እዚያ ድረስ ተዋርዳ አለችኝ።»

«አልተዋረድኩም። ለእናትሽ እንደዚያ ብለሽ ንገሪያት።»

«እሺ። ግን... እሁድ ማንን ልስማ? እሱ ውጪ ይላል፣ አንቺ ተመለሽ ትያለሽ። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የተፈተንኩት። አንድ ቃል ብናገር ታደርገው ነበር። ግን ግብ ውስጥ ሆና ሁለት ድምፅ የምትሰማ በረኛ አንድም ኳስ አትይዝም። ይህን ከመጽሐፉም ከዲቪዲውም አይደለም ያገኘሁት፣ ከእሷው ነው።

«እሱን ስሚ» አልኳት። «እሁድ አሰልጣኝሽ እሱ ነው። የኔን እርሺው።»

«ርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

አልነበርኩም። ስልኩን ዘግቼ ሽሮው ያረረበትን ድስት ፈገፈግኩ። ትክክል መሥራት እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑን የነገረኝ የለም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ልብስ አጠብኩ። ስለ ኳስ ላለማሰብ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ያህል ቻልኩ።


እሁድ፣ የካቲት 8

ለስለስ ያለ ቀን፣ በረዶው ከጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል። ቅዳሴ አስቀድሼ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ቱታውን ለበስኩ። ተቀያሪ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፣ ተመልካች መሀልም አልተቀመጥኩም። ከሊዲያ ግብ ጀርባ፣ ከመረቡ ወዲያ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ እንዳልቀመጥ የሚል ደንብ የለም። አረጋግጫለሁ።

ሊዲያ ዞራ አየችኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ገባት።

የመጀመሪያው አጋማሽ ልክ እንደ ረቡዕ ነበር። ሄኒንግ «ውጪ!» ሲል ትወጣለች፣ ኳሱ ከላይ ያልፋታል። ሦስት ለአንድ። ሦስቱም ከአናቷ በላይ። ሦስተኛውን ከመረብ ልታወጣ ስትጎነበስ ፊቷ ከፊቴ አንድ ክንድ ነበር የሚርቀው። እንባ አልነበረም። ባዶ ነበር። የማላውቀው ያልኩት ነገር ይህ ነው። አሁንም አላውቀውም፣ ግን አየሁት።

ዝም አልኩ። ቃሌን ጠበቅኩ። ጥርሴን ያመኝ ነበር።

እረፍት ላይ ሄኒንግ አዳራሹን አቋርጦ ወደኔ መጣ። ያ ሁሉ ቁመት ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«አንተ ረጅም ነህ» አልኩት።

ሳቀ። «ሌላስ?»

«እሷ አይደለችም። ሁለት እርምጃ ወደኋላ። እጇ አግዳሚው ላይ የሚደርስበት ቦታ አለ፣ ከዚያ ማለፍ የለባትም። ግራ ጥጉን ለተከላካዮቹ ትተወው፣ እሷ ቀኙን ትያዝ።»

እሱ ራሱ ይነግራታል ብዬ ነበር። ሊዲያን ጠራትና «ከአሁን በኋላ የሷን ብቻ ስሚ፣ እኔ አልናገርም» አላት። አልተናገረምም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

እኔም ግብ ሲቀያየሩ ተከትያት ከመረቡ ጀርባ ተቀመጥኩ፣ ግን ብዙ አልተናገርኩም። «እዚያው።» «አሁን።» «ጎበዝ።» ሊዲያ ቦታዋን አገኘች። አንዱን በጣቷ ጫፍ ከአግዳሚው በላይ ሰደደችው፤ ያንን እስክሞት አልረሳውም። ልጆቻችን ሁለት አገቡ። ሦስት ለሦስት። ሊያልቅ ሲል ኳስ የገዛ ተከላካያችንን ጉልበት ነክታ ገባች። አራት ለሦስት ተሸነፍን። ከውድድሩ ወጣን።

ሊዲያ ጓንቷን ሳታወልቅ መረቡን ዞራ መጣች። «አንድ ብቻ! እሱም ጉልበት ነው! እትዬ የሺ፣ አየሽ?»

«አየሁ» አልኳት። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ኢንግሪድና ቶረ ጋ ሄኒንግ ሲያወራ ሰማሁት፦ «እኔ ኳስ ልምታላት፣ መውደቅ ላስተምራት። የት እንደምትቆም የምታየው ግን ይህች ሴት ናት። ተጫውቼ ስላሳለፍኩ እኔ አይታየኝም።» ቶረ አንገቱን አቀረቀረ። ኢንግሪድ ወደኔ መጥታ፣ እስከ ፋሲካ ጨዋታ ስለሌለ ደንቡ አይከለክልም፣ እስከዚያ አሰልጣኟ አንቺ ነሽ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ኮርስ መውሰድ አለብኝ። ኮርሱ የተጫወተ ሰው ብቻ ይቀበል እንደሆነ እሷም አታውቅም።

«ካልተቀበሉኝስ?»

«እኔ እንጃ» አለች።

«እኔ ግን አውቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ» አልኳት።


ሰኞ፣ የካቲት 9

ከዜሮ በታች ሦስት። ጠዋት ያደረግሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ቢሮውን ወይንሸት ብቻዋን እንድትይዝልኝ ለመንኳት፤ «ምን ልትሆኚ?» ብላ ሳትጨርስ ዘጋሁባት። አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ሊዲያ እንቅልፏን ሳትጨርስ መጣች። ጓንቷን ተቀብዬ አጠለቅኩ፤ ውስጡ እርጥብ ነበር። ግብ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

ያስገደደኝ የለም። ትናንት ተፈቅዶልኛል። ስላማረኝ ነው።

«ምቺ» አልኳት።

«እንዴት አድርጌ ነው እትዬ የሺ የምመታሽ? ማማ ትገድለኛለች።»

«ምቺ አልኩሽ!»

አሥራ አንድ ኳስ መታች። ዘጠኙ ገቡ። አንዱ ቋሚውን መታ። አንዱ ትከሻዬን መትቶ ወጣ፤ አዳንኩት ብዬ እቆጥረዋለሁ፣ ሊዲያ አልተስማማችም። ትከሻዬ አሁን ሰማያዊ ሆኗል።

ስለ አቋቋም የተማርኩት አዲስ ነገር የለም። የት መቆም እንዳለብኝ አውቅ ነበር፣ እዚያው ቆምኩ። ኳሱ የገባው እጄ ስለማይታዘዝ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳልፈልግ። እንደማልጨፍን ምዬ ጨፈንኩ። ሊዲያ ላይ «ዓይንሽን ክፈቺ!» እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ። መጮህ ምንም እንደማይጠቅም ዛሬ አወቅሁ፤ የሚጨፍነው ሰውነት ነው፣ ጆሮ የለውም። ይህን ሄኒንግ ድሮ ያውቀው ይሆናል። ረቡዕ እጠይቀዋለሁ። መጠየቅ አያሳፍረኝም።

ጓንቱን መለስኩላት። ወለሉን ወለወልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤት ልጆች እየተንጫጩ ገቡ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጬ የረቡዕን ልምምድ ጻፍኩ፦

ለስላሳ ኳስ። ከቅርብ። ዓይን ሳይጨፈን፣ ሃያ ጊዜ። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ሊዲያ።